ለማስመለስ

ሚያዝያ ላይ ነው፤ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ። አምስት ኪሎ፣ ከብሔራዊ ሙዚየም አጥር ማዶ አንድ ወጣት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። የታክሲ ረዳት "ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!" እያለ አጠገቡ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማም። ትኬቱ ላይ 10 ጨዋታዎች አሉ። 9ኙ ገብተውለታል። የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ መደበኛው ሰዓት አልቋል። ጭማሪው 5 ደቂቃ ነው። ፊሽካው ቢነፋ ከ27 ሺህ ብር በላይ ይበላል።

በ4ኛው የጭማሪ ደቂቃ ጎል ገባ፤ አቻ ሆኑ።

ወጣቱ አልጮኸም፤ አልተሳደበምም። ስልኩን ኪሱ ከተተና "በአንድ ጨዋታ!" አለ ለራሱ። ቤቲንግ የነካካ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። በአንድ ጨዋታ የተበላ ሰው የተሸነፈ አይመስለውም፤ ለጥቂት ያመለጠው ነው የሚመስለው። ለጥቂት ያመለጠው ሰው ደግሞ ነገም ይሞክራል።

ይህ በተከታታይ የተበላ 11ኛ ትኬቱ ነበር። ትኬቱን የቆረጠበት 2,000 ብር ደግሞ የእሱ አይደለም፤ የታላቅ እህቱ የእቁብ ብር ነው። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ለእቁቡ ዳኛ ማድረስ ነበረበት።

*

ልጁ ሰነፍ አይደለም። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ገብቶ ሲቪል ምህንድስና የተማረ፣ ከአንድ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር የ27 ዓመት ሰው ነው። አይጠጣም፤ ጫትም አይቅምም። "ሱስ" የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለው የነበረው ለዚህ ነው።

ቤቲንግ የጀመረው ተማሪ እያለ ነው። ያኔ ውርርድ በወረቀት ነበር። ከክፍል ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤቲንግ ቤት ይገባል፤ 20 ብር ከፍሎ ትኬት ይቆርጣል፤ ወረቀቷን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታታል። ቢበላ ማኪያቶ አለ፤ ቢበላበት መሳሳቅ አለ። አንድ ቀን ግን በ20 ብር 7,400 ብር በላ። ዛሬ ሲያስበው ከተበላባቸው ቀናት ሁሉ የከፋችው ያቺ የበላባት ቀን ናት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ተለወጠ። በቤቲንግ ቤቶች ላይ ዘመቻ ተደርጎ ብዙዎቹ ሲታሸጉ አየን ያሉ ወላጆች እፎይ አሉ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ ፑል ቤቱም፣ ጆተኒውም፣ ልጆቹ የሚሰባሰቡበት ደጃፍም አብሮ ሄደ። ውርርዱ ግን አልፈረሰም፤ ኪስ ውስጥ ገባ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረና ባንኮችም የስልክ አገልግሎታቸውን ካስፋፉ በኋላ፣ ከደመወዝ እስከ ትኬት ያለው ርቀት የምስጢር ቁጥር መጫኛ ያህል ብቻ ሆነ።

ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ቤቲንግ ቤት መዝጊያ ሰዓት ነበረው። ጥሬ ብር ከኪስ ሲወጣ እጅ ይሰማዋል። አጠገብህ የቆመ ጓደኛ "በቃ ዛሬ፣ እንሂድ" ይልሃል። ስልኩ መዝጊያ ሰዓት የለውም፤ ብሩም ቁጥር ነው፤ "እንሂድ" የሚል ሰው አጠገብ የለም። ልጁ አንሶላ ተከናንቦ፣ እናቱ ግድግዳውን ተሻግራ ተኝታ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ላይ ይወራረዳል።

*

ያን እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወዳለው ቡና ቤት ባዶ እጁን ሄደ። እቁቡ የድሮ የሰፈር ሰዎች እቁብ ነው። ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ የእሱም እህት ከከተማው ዳር ደርሳለች። እቁቡ ግን አልተበተነም። የራቀው ሰው ብሩን በቅርብ ሰው ይልካል፤ እህቱም በእሱ የምትልከው ለዚህ ነው።

"እህቴ ትንሽ አሟታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሁለቱን አንድ ላይ አመጣለሁ" አለ።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ደብተራቸው ላይ ምልክት አደረጉና "እግዜር ይማራት በልልኝ" አሉት።

ወደ አምስት ኪሎ በእግሩ ሲመለስ ራሱን የሚያጽናናባቸው ቃላት ሁሉ ተሰልፈው መጡ። ቀኑ አይደለም። ዕድሌ ዞራ ነው። ይሄ መጥፎ ወቅት ነው፤ ያልፋል። ያን ቀን ማታ ስልኩን ከፍቶ በተከታታይ መሸነፍን እንዴት መቋቋም እንደሚቻል በእንግሊዝኛ ፈለገ። የመጣለት ምክር አብዛኛው የፖከር ተጫዋቾች ነበር።

ፖከር በካርታ የሚጫወቱት ቁማር ነው፤ በኢንተርኔት ሲጫወቱት ኑሯቸውን የሚመሩበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ ማኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከ100 ዶላር ባነሰ መግቢያ በኢንተርኔት ተወዳድሮ፣ ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዶ የዓለሙን ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር አገኘ። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ስለ ሽንፈት የተጻፈውም እንደዚያው። ምክሮቹ ሲጠቃለሉ አምስት ናቸው። የምታስይዘውን ቀንስ። ለቀኑ የኪሳራ ጣሪያ አብጅ። በንዴት አትጫወት። ያስገባኸውንና ያወጣኸውን መዝግብ። ታገሥ፣ ዕድል ይመለሳል።

ልጁ አምስተኛዋን ወደዳት። አራተኛዋ ግን ሥራው የለመደው ነገር ስለሆነች አልከበደችውም። መሐንዲስ ነውና ደብተር አወጣ። ከስልኩ የገንዘብ ዝውውር ታሪክ ላይ የአራት ወሩን ለቀመ። ያስገባው 83,400 ብር፤ ያወጣው 41,150 ብር። ልዩነቱ 42,250 ብር። ቢጠየቅ ኖሮ "አሥር ሺህ ቢሆን ነው" ይል ነበር፤ በሐሰትም አይደለም፣ እንደዚያ ያምን ነበር። የበላውን እያንዳንዱን ያስታውሳል፤ የተበላውን ግን ከ11ዱ ትኬቶች አልፎ አያስታውስም።

*

ከዚያ ሌላ ስሌት ጀመረ፤ ይህኛው ነው እንቅልፍ የነሳው።

ኦዱ 1.30 የሆነ "አይቀሬ" የሚባል ጨዋታ አለ እንበል። አወራራጁ ድርጅት ከዋጋው ላይ ለራሱ 5 በመቶ ብቻ ያስቀራል እንበል። እንዲህ ከሆነ ያ ጨዋታ ከ100 ጊዜ 73 ጊዜ ያህል ይገባል። ጥሩ ነው። አሁን እንዲህ ያሉ 10 ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ይደርደሩ። 10ሩም አብረው የሚገቡት ከ100 ትኬት 4 ጊዜ ያህል ነው። የሚከፈለው ግን ካስያዙት 14 እጥፍ አይሞላም። ሲባዛና ሲጠቃለል፣ 100 ብር አስይዞ በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ነው። በአንድ ጨዋታ 5 ብር የነበረችው ቅናሽ፣ 10 ጨዋታ ሲደራረብ 40 ብር ሆነች።

ቀጥሎ የራሱን ጥያቄ ጠየቀ፦ እንዲህ ያለ ትኬት 10 ጊዜ ተከታትሎ ቢበላ ምን ያህል ያልተለመደ ነገር ነው? መልሱ ያልተለመደ አይደለም የሚል ሆነ። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ትኬት ቢቆርጡ፣ 64ቱ አንዱንም ሳይበሉ ይጨርሳሉ። 20 ትኬት ቢቆርጡ እንኳ 41ዱ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ይህን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየው። ዕድሉ አልዞረችበትም ማለት ነው። መጥፎ ወቅትም አልገጠመውም። 11ዱ ትኬቶች የተበሉት መበላት የነበረባቸው ስለሆኑ ነው። "ተከታታይ ሽንፈት" ያለው ነገር የጨዋታው ተራ መልኩ ነበር፤ ያልተለመደችው ያቺ የ7,400 ብሯ ቀን ናት።

የፖከሮቹ ምክር እሱ ዘንድ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ፖከር ላይ የምትገጥመው ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች ነው፤ ቤቱ ከሚቆመረው ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ይወስዳል እንጂ ካርታ አይዝብህም። ከሌሎቹ በብዙ የሚበልጥ ሰው በረጅሙ ሊያተርፍ ይችላል፤ ለወራት ሲሸነፍም መታገሡ ትርጉም አለው፣ የሚጠብቀው ነገር አለና። እዚያም ቢሆን እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ቤቲንግ ላይ የምትገጥመው ግን ዋጋውን ነው። ዋጋው ደግሞ አስቀድሞ ተቆርጧል። ታግሦ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ያንኑ ቅናሽ ነው።

*

ሰው ይህን ካወቀ ይተዋል ብሎ የሚያስብ ካለ ቁማርን አያውቅም። ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቱ የላከችውን ሌላ 2,000 ብር ይዞ ትኬቱን ተወ፤ ወደ አውሮፕላኗ ጨዋታ ሄደ። አቪዬተር የሚሏት ናት። አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ማባዣው ይጨምራል፣ ሳትበርብህ መውጣት አለብህ። የጨዋታው ሠሪዎች በአማካይ ከሚቆመረው 97 በመቶው እንደሚመለስ ይናገራሉ። 3 በመቶ ምን አላት? አንዱ ዙር ግን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በየዙሩ 50 ብር የሚያስይዝ ሰው በሰዓት 120 ዙር ቢጫወት 6,000 ብር አንቀሳቅሷል፤ 3 በመቶዋ 180 ብር ናት። በሰዓት። ለመቀመጥ ብቻ።

መሐንዲሱ ዘዴ ነበረው፤ በተበላ ቁጥር ማጠፍ። 20 ብር ተበላ፤ 40። ተበላ፤ 80። አንዴ ሲገባ ሁሉም ይመለሳል፤ 20 ብር ትርፍም አለ። በእጥፍ ላይ ሊወጣ ያሰበ ሰው በዙሩ የመበላት ዕድሉ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። 8 ጊዜ ተከታትሎ የመበላት ነገር ደግሞ ከ200 ጅምር አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ሩቅ ይመስላል። ግን በሰዓት ወደ 60 ጅምር የሚያደርግ ሰው በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ ቢደርስበት አያስገርምም። ሲደርስበት ከ20 ብር ተነስቶ 5,100 ብር ሄዷል፤ ያቺን የ20 ብር ትርፍ ሲያሳድድ። እንደዚያው ሆነ። የእቁቡ 2,000 ብርና ከደመወዙ 3,100 ብር።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ አረፈች። ጥቁር በተደጋገመ ቁጥር ሰዉ "አሁንስ ቀይ ነው" እያለ ብሩን ቀይ ላይ ከመረ፤ ብዙ ገንዘብም ቀለጠ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። የሚያስታውሰው ሰው ነው፤ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ዶስቶየቭስኪን የሚያውቁ ደግሞ ይህን ያውቃሉ። ስለ ቁማርተኛ ልብ "ቁማርተኛው" የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1866 በ26 ቀን ጽፎ አስረከበ። ነገሩን ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል? ሩሌቱን የተወው ግን ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1871 ነው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማቆም ሌላ።

በሦስተኛው ሳምንትም የእቁቡ ብር ሄደ። በሦስተኛው እሑድም "አልተሻላትም" አለ።

*

ያቆመው ስልክ ነው። ዳኛው የሰፈር ሰው ናቸው፤ ሦስት ሳምንት የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም። እሑድ ከቀትር በኋላ ለእህቱ ደወሉ።

"ልጄ፣ ተሻለሽ?"

"ጋሼ፣ ምን ሆኜ?"

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሁለት ታክሲ ይዛ አምስት ኪሎ ደረሰች። እናታቸው ቡና አፍልተው፣ ጠጥተው፣ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ እስኪወጡ ድረስ ምንም አላለችም። ከዚያ በሩ ላይ ቆመች።

"ስንት ነው?"

"ትንሽ ናት፤ አስመልሳለሁ።"

"ስንት ነው አልኩህ።"

ደብተሩን አምጥቶ ሰጣት። እየገለበጠች አነበበች። የደብተሩ ድምር ከ42 ሺህ አልፎ ወደ 50 ሺህ ተጠግቷል። አላለቀሰችም፤ አልሰደበችውምም።

"ሁለተኛ አስመልሳለሁ እንዳትለኝ። የሚያስመልሰው በሽተኛ ነው" አለችው።

የሳቀችበት መስሎት ቀና አለ፤ አልሳቀችም።

ከዚያ የተስማሙት ነገር ተራ ነው። ደመወዙ ሲገባ በዚያው ቀን ወደ እሷ ሒሳብ ይተላለፋል፤ እሷ የሳምንቱን እየሰጠችው ትኖራለች። መተግበሪያው ጠፋ፤ በዚያ የተመዘገበበት ሲም ካርድም ተቆረጠ። 6,000 ብሩን እሷ ከፈለች፤ ለዳኛው የሚነግረው ግን ራሱ ነው። ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነበር። በማግስቱ ከሥራ መልስ ሄዶ፣ ቆሞ፣ "እህቴ አልታመመችም፤ ብሩን ቁማር የተጫወትኩበት እኔ ነኝ" አላቸው።

ዳኛው ብዙ አልተናገሩም። "እኛም ዕጣ ነው የምናወጣው። እኛ ዘንድ ግን ዕጣ ያልወጣለት ሰው ብሩ አይጠፋም፤ ተራው ነው የሚዘገየው" አሉና ግማሽ ዕጣ እንዲገባ ነገሩት። ገባ። በየሳምንቱ 1,000 ብር ነው፤ ሲደርሰው መጀመሪያ የእህቱን ዕዳ ይከፍላል።

*

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው፤ ግን የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። የጭቅጭቁ ሁለት ጎራዎች ይታወቃሉ። አንዱ "ይዘጋ" ይላል፤ ሌላው "አዋቂ ሰው በገንዘቡ ምን አገባህ" ይላል። ቤቱን ማሸግ ስልኩን እንደማያሽግ ታይቷል። አዋቂ ሰው በገንዘቡ የሚለውም፣ አዋቂው ስንት እንደከሰረ ራሱ የማያውቅበትን ጨዋታ አላሰበም።

ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ የሰጠው የመንግሥት ተቋም ነው፤ ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ ለሆነ የዕድል ጨዋታ አሸናፊ 15 በመቶ ግብር ጣለ። ስለዚህ የበላ ሰው ብር ይቆጠራል፤ እያንዳንዷ ትመዘገባለች። የተበላ ሰው ብር ግን ለማንም አይቆጠርም፤ ለተበላውም ለራሱ።

ሌላ አገር ምን እንደሚደረግ ማየት ይቻላል። በእንግሊዝ አንድ ሰው ራሱን አንድ ጊዜ ካስከለከለ፣ ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት አወራራጆች ሁሉ እንዳያስገቡት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይገደዳሉ፤ በክሬዲት ካርድ መወራረድም በዚያው ዓመት ተከልክሏል። ይህም ሁሉንም አላዳነም። ግን ልብ በሉ፤ ሰውየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከራሱ ጋር ብቻውን እንዳይታገል ጠዋት ላይ የሚቆልፈው በር ተሰጥቶታል።

ለኛ ከዚያም ያነሰ መጀመሪያ ይበቃል። ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ መተግበሪያውን በከፈተ ቁጥር፣ ከቦነሱና ከማስታወቂያው በፊት ሁለት ቁጥር ይታየው፦ እስከዛሬ ያስገባኸው፣ እስከዛሬ ያወጣኸው። ድርጅቶቹ ይህን ቁጥር ያውቁታል። ልጁ ለማወቅ ደብተርና አንድ ሌሊት ፈጅቶበታል፤ ከ83,400 እና ከ41,150 በላይ የነገረው ምክር የለም።

እስከዚያው በየቤቱ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቤቲንግ ደግሞ የማይሸት፣ የማያስገነግን፣ ለመደበቅ የተመቸ በሽታ ነው። ስለዚህ ጥያቄውም መለወጥ አለበት። "ተውክ ወይ?" ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "ስንት ነው?" የሚለው ግን ቁጥር ይፈልጋል።

ልጁ ፈጽሞ ድኗል ማለት አይቻልም። ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር በጓደኛው ስልክ 300 ብር አስይዞ ተበላ። ልዩነቱ በዚያው ሌሊት ለእህቱ መጻፉ ነው። መልእክቱ አንዲት ቁጥር ብቻ ነበረች፦ "300"። እሷም "እሺ። እሑድ እቁቡን እንዳትረሳ" ብላ መለሰችለት።

እሑድ ጠዋት ከአምስት ኪሎ በእግሩ ወርዶ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ደርሶ፣ 3,000 ብር ቆጥሮ ሰጠ። 2,000ው የእህቱ፣ 1,000ው የራሱ። ዕጣው ያን ቀን ለሌላ ሰው ወጣ።